በቅርብ ቀን

ሞዴል ባቡር የሚሰበስብ ሰው ከባቡሩ አብልጦ የሚወደው የባቡሩን ማስታወቂያ ነው። «አሻንጉሊት» እንዳትሉት ብቻ፤ ይቀየማል። ልዩነቱን ጎረቤቴ አስረድቶኛል፦ አሻንጉሊት ማለት ልጅ የሚሰብረው ነው፤ ሞዴል ማለት ልጅ እንዳይነካው የሚቆለፍበት ነው።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ ቴክሳሳዊ ነው። የምንኖረው ከዳላስ በስተሰሜን፣ ፋርመርስ ብራንች ነው። በሰሜኑ የአሜሪካ ክፍል ያሉ የሞዴል ሰዎች ሐዲዳቸውን ምድር ቤት ይዘረጋሉ። እዚህ ግን አብዛኛው ቤት ምድር ቤት የለውም፤ አፈሩ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላ ስለሆነ ቆፋሪ አይወደውም። ስለዚህ ሐዲዱ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ መኪናው ውጭ ያድራል፣ ፀሐይ ላይ ይውላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጋራዡ ግሎ ሐዲዱ ይለጠጥና ይጎብጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ያዝን ነበር። እሱ ግን «እውነተኛውም ሐዲድ በቴክሳስ ሙቀት ይጎብጣል እኮ!» ብሎ እጁን ያፋትጋል።

ከሐዲዱ በላይ ያለው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ በወረቀት ተሸፍኗል። በወረቀቶቹ ላይ ያሉት ባቡሮች አንዳቸውም ጋራዡ ውስጥ የሉም። «ይኼ መጥቷል?» ስለው «አልመጣም፤ ተነግሯል» ይለኛል። ይህን የሚለው መጥቷል ከማለት በማይተናነስ ኩራት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው አንድ ቀን ብድግ ይልና «ይህንን ሎኮሞቲቭ ልንሠራ ነው» ብሎ ያውጃል። በዚያ ዕለት በእጁ ያለው በኮምፒዩተር የተሣለ ሥዕል ብቻ ነው። ሰው ግን ያዝዛል፤ አንዳንዱ ሱቅ ቀብድ ይቀበላል፣ አንዳንዱ በስም ይመዘግባል። ከወራት በኋላ ቀለም ያልነካው ግራጫ ናሙና በፎቶ ይመጣል። ያዘዘው ሰው ፎቶውን በማጉያ መነጽር እየመረመረ የመሰላሉ ሦስተኛ ደረጃ ዘንበል ማለቱን፣ ከመስኮቱ በታች አንድ ሪቬት መጉደሉን ያገኛል። እነዚህን ሰዎች ሪቬት ቆጣሪዎች ይሏቸዋል። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ስኬልትሬንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ምርጥ ምርቶቹን የሚሸጠው «ሪቬት ካውንተር» በሚል መለያ ነው። ከግራጫው ናሙና ቀጥሎ ቀለም የተቀባው ይመጣል፤ በቀለሙ ላይ ክርክር ይነሣል። ከዚያ ቻይና ያለው ፋብሪካ ወረፋ አለ፣ ከዚያ መርከብ፣ ከዚያ ወደብ። ከማስታወቂያው ቀን እስከ ደጃፍ ድረስ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሲብስም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ድምፅ ያለው አንድ ሎኮሞቲቭ ደግሞ 300 ዶላርን በቀላሉ ይሻገራል።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ስነግራት አልገረማትም። «እቁብ ነዋ!» አለች፤ «ዳኛው የት እንዳለ የማይታወቅ።»

እኔ ደግሞ ጎረቤቴን ስሰማ የተሰማኝ ሌላ ነው። በዚህ ሙያ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ጀማሪዎች አይደለንም። የሚመጣ ባቡርን ማስታወቂያ ተቀብሎ፣ ናሙናውን አይቶ፣ ተከራክሮ፣ ተስፋ ቆርጦ፣ እንደገና ተስፋ ማድረግ ከመቶ ዓመት በላይ የሠራንበት ነገር ነው። እስቲ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ እንየው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጉልኝ፤ ጎረቤቴም እንዲገባው።) ዳግማዊ ምኒልክ ባቡሩን ያዘዙት በ1894 ነው፤ ፈቃዱን የሰጡት ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ነው። ሥራው ከጂቡቲ የተነሣው በ1897 ነው። በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በትክክል ለመናገር ድሬዳዋ አልነበረችም፣ ባቡሩ ሲደርስ ተፈጠረች። ትዕዛዙ የሚለው ሐረር ነበር። ተራራው ለሐዲድ ስለከበደና ገንዘቡም ስለሳሳ ከሥሩ ያለው ሜዳ ላይ ቀሩ። ያዘዙት ሌላ፣ የመጣላቸው ሌላ ማለት ይኼ ነው። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ። በ1908 በሌላ ስም ሌላ ኩባንያ ቆመ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን በ1913 አርፈው ነበር።

ይህን ስተርክለት ጎረቤቴ መነጽሩን አወለቀ። ሃያ ሦስት ዓመት፣ የከሰረ አምራች፣ የተቀየረ ምርት። በሞዴል ዓለም ያየው ነገር ሁሉ ተደምሮ አንድ ላይ መጣበት። ቆይቶ የጠየቀኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቀብዱ ተመለሰ?»

ያልነገርኩት አለ። በዚያው ፈቃድ ላይ ሐዲዱ ከእንጦጦ አልፎ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ እንደሚቀጥል ተጽፎ ነበር። ሰረዝኩት ያለ ሰው ስላልሰማሁ ትዕዛዙ በወረፋ ላይ ነው ብዬ እቆጥረዋለሁ።

አዲስ አበባዎች ሐዲድ እስኪመጣ ባዶ እጃቸውን አልተቀመጡም። አርመኑ ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ መንገድ ዳምጦ የሚሄድ ከባድ ሞተር አስመጣና ሕዝቡ ሳያመነታ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ሐዲድ የለውም፣ ፉርጎ የለውም፣ ይጮኻል፣ ይጨሳል፤ ለማስተዋወቂያ በቂ ነው።

ወደ ፋርመርስ ብራንች ልመለስ፤ ይቺም ከባቡር ጋር የኖረች ናት። ሐዲድ የደረሰባት በ1870ዎቹ ነው። መሥመሩ በኋላ የሚዙሪ፣ ካንሳስና ቴክሳስ ባቡር ሆነ፤ ሕዝቡ በቁልምጫ «ኬቲ» ይለዋል። ኬቲ በ1988 በትልቁ ዩኒየን ፓስፊክ ተዋጠ፤ የድሮው የእንጨት ባቡር ጣቢያ ግን እስከ ዛሬ በከተማዋ የታሪክ ፓርክ ውስጥ ቆሞ ይጎበኛል። ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ በከተማዋ የሚያልፈው የዳላስ ቀላል ባቡር፣ አረንጓዴው መሥመር ነው። ሠረገሎቹን የሠራው የጃፓኑ ኪንኪ ሻርዮ ነው። ጎረቤቴ በአረንጓዴው መሥመር ተሳፍሮ አያውቅም፤ ጣቢያው ለእግር ቅርብ ነው፣ እሱ ግን ባቡሩን የሚያውቀው በፎቶ ነው። ሞዴሉ ቢወጣ ግን የመጀመሪያው አዛዥ እሱ ነው።

አንድ ቀን በዚያ ጋራዥ ቁጭ ብለን የኛን መሥመር በሞዴል ብንሠራ ምን ያህል ቦታ ይፈጃል ብለን አሰብን። በአሜሪካ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ልክ ኤችኦ የሚሉት ነው፤ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ። ከአዲስ አበባ ጂቡቲ የነበረው የድሮ መሥመር 784 ኪሎ ሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጋራዡ የሁለት መኪና ነው። ስለዚህ ሐዲዱ ከበሩ ወጥቶ የአረንጓዴውን መሥመር ተከትሎ ሮያል ሌንን፣ ዋልነት ሂልን አልፎ ባችማን ጣቢያ አካባቢ ጂቡቲ ይገባል። (ባችማን ሲባል ጎረቤቴ ፈገግ አለ፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ ስም ያለው የሞዴል ባቡር አምራች አለና። ያ ኩባንያ በ1833 ፊላደልፊያ ሲከፈት ይሠራ የነበረው ማበጠሪያ ነበር።) ርዝመቱ ይቅር እንበል፤ ዳገቱስ? ባቡሩ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ይህም በኤችኦ ወደ 27 ሜትር ነው። በሌላ አነጋገር ለገሃር የሚሠራው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሰፈራችን ደግሞ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ብቻ ነው። የከተማው አስተዳደር ለሣር ርዝመት ደብዳቤ በሚጽፍበት አገር ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለ ለገሃር ምን እንደሚያስከትል ባለቤቴ አስባዋለች።

ሐሳቡን ያጧጧፉብን አንድ የድሬዳዋ ሰው ናቸው። የከዚራ ልጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ሠርተዋል፤ ዛሬ ከልጃቸው ጋር ሪቻርድሰን ይኖራሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋራዡን ላሳያቸው ይዣቸው ስገባ ያዩት ባቡሩን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ወረቀቱን ቃኙና «አቦ፣ የኛ የታለ?» አሉኝ። የለም። የጀርመን፣ የስዊስ፣ የጃፓን፣ የቻይና አለ፤ የኛ የለም። «እንግዲያው እኛ እናስነግራ!» አሉ። ልክ ናቸው። ማስታወቂያ ለመንገር ባቡር መኖር እንደማያስፈልግ ግድግዳው ራሱ ይመሰክራል።

የኢትዮጵያ ምድር ባቡር የሞዴል ካታሎግ የተወጠነው በዚያን ቀን ነው። ወጥ የሆነ ልክ እንዲኖረው ከሐዲዱ ጀመርን። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፤ በሞዴል ለዚያ የሚሸጠው 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው፤ ስዊሶቹ ለተራራ ባቡሮቻቸው የሚጠቀሙበት። አዲሱ የኤሌክትሪክ መሥመር ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጎረቤቴ ጋ ያለው ሐዲድ ይበቃዋል።

መጀመሪያ የምትወጣው፣ ያለ ምንም ክርክር፣ ጣሊያን ያመጣት የመንገደኛ ባቡር፣ የፊያት ሊትሪና ነች። ጋሼ ሌላ ይቅደም ቢባል ጋራዡን ጥለው የሚወጡ ይመስሉ ነበር። ከዚያ የፈረንሳዩ አልስቶም ናፍጣ ሎኮሞቲቭ። እዚህ ላይ ሪቬት ቆጣሪነት ምን እንደሆነ አየሁ። ጋሼ ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ይላሉ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚያገኟቸው የቀድሞ ባልደረባቸው ሌላ ይላሉ። ሁለቱም ቀለሙን በእጃቸው ቀብተውታል። ክርክሩ ቡና ሦስተኛ እስኪደርስ ቀጥሎ፣ አንዱ «አንተ እኮ ያኔም ቀለም አትለይም ነበር!» ሲሉ ተቋጨ። ጎረቤቴ አንድ ቃል ሳይገባው ከንፈሩን ነክሶ ያዳምጥ ነበር፤ ይህን ክርክር በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ሰምቶታል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ቀላሉ ሥራ ነው። በ2015 ሲከፈት 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ምሥራቅ ምዕራብ የሚሄዱት አረንጓዴና ነጭ፣ ሰሜን ደቡብ የሚሄዱት ሰማያዊና ነጭ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መለዋወጫ ጠፍቶ ብዙዎቹ ቆሙ። ለሞዴል አምራች ይህ በረከት ነው። በዚህ ሙያ ሞተር የሌለው፣ ለዓይን ብቻ የሚቆም ሎኮሞቲቭ ይሸጣል፤ ዳሚ ይሉታል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባውን ስብስብ የሚገዛ ሰው ጥቂት ባለ ሞተርና ብዙ ዳሚ ቢያዝ ከእውነታው አይርቅም፤ ኪሱም አይጎዳም።

አዲሱ የጂቡቲ መሥመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የተመረቀው በ2016፣ መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2018 መግቢያ ነው። ሎኮሞቲቮቹ የቻይና፣ ኃይሉ ኤሌክትሪክ ነው። በሞዴሉ ላይ የሚያስቸግረው ባቡሩ ሳይሆን ጣቢያው ነው። እውነተኛዎቹ ጣቢያዎች ከከተማው ምን ያህል እንደሚርቁ ለቡ ድረስ በታክሲ የሄደ ሰው ያውቃል። በትክክለኛው ልክ ከተሠራ ከተማው ጋራዥ ውስጥ፣ ጣቢያው ወጥ ቤት ውስጥ ይሆናል። ባለቤቴ ይህን ሐሳብ ለክርክር እንኳ አላቀረበችውም።

የኮምቦልቻው ነገር የኔ ነው፤ የተወለድኩት እዚያ ነውና። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መሥመር የቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ መሥራት የጀመረው በ2015 ነው። ዋሻ ተቦረቦረ፣ ድልድይ ቆመ፣ ሐዲድ ተነጠፈ፣ ጣቢያ ተሠራ። ከዚያ የኤሌክትሪኩ ነገር ዘገየ፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሰው ያልተሳፈረበት ሐዲድ ላይ አለፈ። እናቴ ስልክ በደወልኩ ቁጥር፣ ከጤናዋና ከዘይት ዋጋ ቀጥላ፣ የባቡሩን ወሬ ትነግረኛለች። «ሊጀምር ነው አሉ፣ የኔ ጌታ።» «ማን አለ እማዬ?» «ሰዉ ነዋ!» ለሷ ብዬ በካታሎጉ ያስገባሁት ስብስብ ሐዲድ፣ ዋሻ፣ ድልድይና ጣቢያ አለው፤ ባቡር የለውም። ጎረቤቴ ማሸጊያው ላይ ምን ተብሎ ይጻፍ ሲል ጠየቀኝ። «ሎኮሞቲቩ ለብቻው ይሸጣል» ብለን ተስማማን።

እዚህ ዳላስ አካባቢ ባቡር ለማየት እስከ ጂቡቲ ማሰብ አያስፈልግም፤ ሰው ይመጣል፣ ይደነቃል፣ ይሄዳል። ገና ሲደርስ ኖርዝፓርክ በሚባለው የዳላስ የገበያ ማዕከል ትልቅ የባቡር ትርኢት ይዘረጋል፤ ገቢው ለታመሙ ሕፃናት ወላጆች ማረፊያ ነው፤ ከፍሎ ፉርጎ ላይ ስም ማስጻፍም ይቻላል። ፍሪስኮ በምትባል ከተማ ደግሞ የአሜሪካ ባቡር ሙዚየም አለ፤ በ2013 ከዳላስ ፌር ፓርክ ተጎትቶ የሄደው ቁጥር 4018 ቢግ ቦይ እዚያ ነው። ይህ ዓይነት የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከ1941 እስከ 1944 የተሠራው 25 ብቻ ነው፤ ከነውሃ ተሳቢው 40 ሜትር ይረዝማል። ጋሼን ወስጃቸው ነበር። ዙሪያውን ዞሩት፣ ጎማዎቹን ቆጠሩ፣ ዘይት ያለበትን ቦታ በጣታቸው ነክተው አሸተቱ። ጎረቤቴ አድናቆት እየጠበቀ ቀና ብሎ አያቸው። «ጥሩ ነው» አሉ፤ «ኤረር ጣቢያ ላይ ግን ብርቱካን የሚሸጥበት በር የለውም።»

ይኸው አስተያየታቸው ወደ ዋናው ችግር አደረሰን፦ ወደ ሰው። ሞዴል ባቡር ያለ ተሳፋሪ አይሸጥም። በኤችኦ ልክ አንድ ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው፤ የጀርመኑ ፕራይዘር ኩባንያ ከ1949 ጀምሮ ትንንሽ ሰዎችን ይሠራል። የኩባንያውን ካታሎግ ስናገላብጥ መነኩሲት አለች፣ ሙሽራ አለ፣ ዋናተኛ አለ፣ ፖሊስ ከነፈረሱ አለ። ነጠላ የለበሰች የለችም። ባለቤቴ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩን ከሩቅ ስታይ የነበረችው፣ «አምጣው እስቲ» ብላ መነኩሲቷን ተቀበለችና በመርፌ ጫፍ ነጭ ቀለም ቀብታ ጥለት አወጣችላት። በማጉያ ስናያት ጥለቱ ሁለት ቀለም ነበረው። ጎረቤቴ አፉን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ ከኔ ይልቅ የሚፈለገው እሷ ነች፤ የሦስት ሰው ትዕዛዝ ተቀብላለች፣ ቀብድም ትቀበላለች።

ጋሼ ግን ያሰብነው የተሳፋሪ ቁጥር አልጣማቸውም። «ለሁለት ፉርጎ አርባ ሰው? አቦ ተዉኝ! አርባ ሰውማ በሩ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል።» ቆጥረው ነገሩን። ሲጋራና ሸቀጥ ቀሚሳቸው ሥር ያሰሩ የኮንትሮባንድ ነጋዴ ሴቶች፣ ጫት የተሸከሙ ልጆች፣ በግ የያዘ፣ ፍራሽ የያዘ፣ በመስኮት ግማሽ አካሉን ያወጣ፣ መተላለፊያው ላይ የተኛ። ጣሪያውን ሞልቶ የተቀመጠው ደግሞ ለብቻው ተጻፈ። ባለቤቴ በጽሑፍ ይዛ ስትደምረው ሥራው ከሎኮሞቲቩ ዋጋ በለጠ።

ጎረቤቴ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው። ዝርዝሩ ከተተረጎመለት በኋላ በጥንቃቄ አነበበና የጎደለ ነገር አገኘ። «ቲኬት ቆራጩን አልጻፋችሁትም» አለ። ጋሼ በትዕግሥት አዩት፤ ልጅ እንደሚያስረዱ ሆኑ።

«ጻፈው፣ ግን አትሥራው። ሰው አይቶት አያውቅም።»